ስልከኛዋ ያልጠየቀችው ቃል

በሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። ለሌላው ሁሉ «ኬኳ» ናት። ጽዳቶቹም ዘበኞቹም «ኬክ፣ እስቲ ፋርማሲ አገናኚኝ» ይሏታል። እሷም ለምዳዋለች፤ ወይም የለመደች ትመስላለች።

ሥራዋ ስልክ ማገናኘት ነው። ከዋናው ደረጃ ሥር፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ትቀመጣለች። ከፊቷ ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከውጭ የሚደውለውን ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ የሚደውለውን ወደ ውጭ ስታቀብል ትውላለች። ሥራ ላይ ድምጿ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው። ቤት ስትገባ ግን ጎረቤት እስኪሰማ ትጮኻለች። አብረዋት የሚኖሩት አባቷ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጆሯቸውን ሞተሩ በልቶባቸዋል።

ቅጽል ስሙ የወጣላት እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ ትማር ነበር። አስተማሪው የፈረንጆቹን አባባል በየሳምንቱ አንድ አንድ እየሰጠ፣ «ከራሳችሁ ቤት፣ ከራሳችሁ ኑሮ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት። እስክትሠሩበት ድረስ ቃሉ የተዋሳችሁት እንጂ የእናንተ አይደለም» ይላቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ የሰጣቸው «ፒስ ኦፍ ኬክ» የሚለውን ነው። እሷ አርፍዳ ደርሳ ትርጉሙ አመለጣት። ቁራሽ ኬክ ከሆነ ጣፋጭ ነገር ነው ማለት ነው ብላ በልቧ ገመተች፤ ለመጠየቅም አልደፈረች።

በሳምንቱ አንድ የውጭ አገር ሰው ደውሎ ዳይሬክተሩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ጨዋታ መሃል ጠየቃት። ደግ ናቸው፣ ሲናገሩ አንጀት ያርሳሉ ለማለት ፈልጋ፣ «ዳይሬክተራችን ፒስ ኦፍ ኬክ ናቸው» አለችው። ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ መስመሩ ሲያያዝለትም ለራሳቸው ለዳይሬክተሩ ነገራቸው። ለካ አባባሉ የሚነገረው ያለ ድካም ለሚሠራ፣ ዓይን ጨፍነው ለሚወጡት ቀላል ሥራ ነው። ዳይሬክተሩን ዓይን ጨፍነው የሚጫወቱባቸው ሰው ያለቻቸው ያህል ሆነ። እሳቸው አልተቆጡም። ስብሰባ ላይ አውርተው ሳቁበት፤ መዘዙም እሱ ሆነ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግቢው ሁሉ ሰማ።

ከዚያ ወዲያ የቅዳሜውን ትምህርት አቋረጠች። አንድ ነገር ግን ከዚያ ቀን ተማረች፦ ያልገባትን አለመጠየቅ። የውጭ አገር ሰው ሲያናግራት የያዘችውን ትይዛለች፣ ያመለጣትን በግምት ትሞላለች፣ ከዚያ «የስ፣ የስ» ትላለች። በስልክ ሥራ ይህ ብዙ አያስቸግርም። «ይጠብቁ»፣ «መስመሩ ተይዟል»፣ «ወጥተዋል» የሚሉት ነገሮች ስህተትም ቢገባባቸው ሰው አይገድሉም።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ የልብ ሐኪሞች ቡድን መጣ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከእነሱ ጋር ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው ስለሚውሉ ውጭ ለሚጠብቁት ቤተሰቦች የሚያስተረጉም አንድ ሰው ተመድቦ ነበር። እሱም ሚስቱ ምጥ ያዛትና ሄደ። የፅኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ወደ ስልክ ክፍሏ ብቅ አለች።

«ኬክ፣ ተነሽ እስቲ። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ስታወሪ አይደል የምትውዪው?»

«እኔ የስልክ እንግሊዝኛ ነው የማውቀው።»

«የስልኩም የአካሉም አንድ ነው። ሰዎቹ ደጅ ላይ ተኮልኩለው ምን ሆነች፣ ምን ሆነ እያሉ ሊያብዱ ነው። ነይ።»

እምቢ ማለት ፈራች። እሺ ማለትም አስፈራት። ተነሥታ ተከተለች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከጠበቀችው በላይ ቀና። የቡድኑ መሪ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ነጭ የሆነ ሐኪም ነበረች። ቀስ ብላ፣ በአጭር በአጭሩ ትናገራለች፤ ስልከኛዋም «ቀዶ ሕክምናው በጥሩ ሁኔታ አልቋል»፣ «ነገ ሾርባ መጠጣት ይችላል» እያለች ታስተላልፋለች። ሰዎች እጇን ይዘው ይመርቋታል። ከደረጃ ሥር ወጥታ በሰው ዓይን መታየቷ ደስ አላት። ፍርሃቷ ግን እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ነበር።

ከሚጠብቁት መካከል አንድ አናጢ ነበር። ረጅም ሰውዬ ነው፤ የቱንም ያህል ቢታጠብ ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ አይጠፋም። ሚስቱ ልቧ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ በር አልገጥም ብላት ትንፋሽ ሲያጥራት ከርማለች። ሐኪሟ ይህን ስትገልጽለት አናጢው ፈገግ ብሎ፣ «በር አልገጥም ማለትን እንኳ ለእኔ አያስረዱኝም፤ እንጀራዬ እኮ ነው» አለ። ስልከኛዋ ተርጉማ ነገረቻት፤ ሐኪሟም ሳቀች። ከዚያ ጀምሮ ስልከኛዋና አናጢው ተግባቡ። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱ «እህቴ» ይላታል።

የሚስቱ ቀዶ ሕክምና ግን ከሌሎቹ ሁሉ ረዘመ። ማለዳ የገባች እስከ ምሽት አልወጣችም። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛው ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል። አናጢው ከአግዳሚው ላይ ብድግ አለ።

ሐኪሟ ተናገረች፤ ስልከኛዋ እየተከተለች ተረጎመች።

«በሯን ቀይረንላታል ትላለች... ልቧ ግን በጣም ደክሟል ትላለች...»

ቀጥሎ ሐኪሟ «አሁን ተች ኤንድ ጎ ነው» አለች።

ስልከኛዋ ቃሎቹን ለየብቻ አነሣቻቸው። ተች ማለት መንካት ነው፤ ጎ ማለት መሄድ ነው። ሁለቱንም ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሆኑ ግን አላወቀችም። አናጢው አፍ አፏን ያያል። ሐኪሟም ትጠብቃለች። ምን ማለትዎ ነው ብሎ መጠየቅ የአንዲት ትንፋሽ ሥራ ነበር። ያቺ ትንፋሽ ናት ያቃተቻት። የስብሰባው ሳቅ ጆሮዋ ላይ አስተጋባ።

«ነካ አድርጓት ሄዷል ትላለች» አለች።

«ምኑ?»

«ክፉው። ክፉው ነካ አድርጓት አልፏል።»

ሐኪሟ አከለችበት፤ ባልየው ከፈለገ ገብቶ አጠገቧ መቀመጥ ይችላል፣ ለሲስተሯ ነግሬያታለሁ አለች። ይህን ስልከኛዋ በደንብ ሰምታ በደንብ አስተላለፈች።

«አልፏል?» አለ አናጢው እንደገና።

«አልፏል፣ ጋሼ።»

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲያ ትተኛ። እኔ አጠገቧ ከተጎለትሁ ስለ ልጆቹ ልጠይቅ፣ ላውራ ማለቷ አይቀርም፤ ያልተኛ ደግሞ አይድንም። ሄጄ ለልጆቹ ልንገራቸው። ነገ ታጥበን፣ ለብሰን፣ ሁላችንም እንመጣለን።» የሐኪሟን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገነ። ሐኪሟ ግር ያላት መሰለች፤ ግን ለሌላ ታካሚ ተጠርታ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ስልከኛዋ ደረጃውን ወርዳ ክፍሏ ገባች። ማዳመጫውን ደፋች። የሐኪሟ ፊት ግን ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ክፉ ነገር ያለፈለት ሰው ወሬ የምትነግር ሴት ፊቷ እንዲያ አይሆንም። ደግሞስ ያለፈለትን ሰው አጠገቡ ተቀመጡ ማለት ምንድን ነው? ሐሳቡን ልታባርረው ሞከረች። እንቅልፍ አጥታ ነው እንጂ አለች ለራሷ፤ እንዲያ ያለ ሌሊት ያደረ ሰው ፊት ከየት ያመጣል?

ከሰዓት በኋላ ከፅኑ ሕሙማን ክፍል መስመር መጣ። ሐኪሟ ናት፤ ጉምሩክ መጋዘን ካለው ሰው ጋር አገናኚኝ አለች። ለነገ የሚፈለግ የመድኃኒት ሣጥን እዚያ ተይዞባቸዋል። ስልከኛዋ አገናኘች፤ እንደ ልማዷ መስመሩ መያዙን ለማረጋገጥ ጥቂት ቆየች። ከወዲያ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ፣ «ፊርማው ገና አላለቀም፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው፤ ዛሬ መውጣቱ ተች ኤንድ ጎ ነው» አለ። ሐኪሟም በረጅሙ ተነፈሰች።

ስልከኛዋ እጇ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ሣጥኑ አልመጣም። ምንም አልነካም፣ የትም አልሄደም። ያም ሆኖ ተች ኤንድ ጎ ነው።

መብራቶቹ ብልጭ ይላሉ፤ አታይም።  የመጀመሪያው ሐሳቧ የሚያኮራ አልነበረም፦ ማን አወቀብኝ? ኮሪደሩ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ አማርኛ አታውቅም፣ አንዱ እንግሊዝኛ አያውቅም። መካከል የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ዝም ካለች ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ሴትዮዋ ከዳነች ማንም አይጠይቅ፤ ከሞተች ደግሞ ሐኪም ያለው ሁሉ አይሆንም ይባላል።

እንዲህ እያለች ሳለ አባቷ ትዝ አሏት። ከጥቂት ቀናት በፊት ምድጃው ላይ ድስት ጥዳ ስትወጣ፣ «አባዬ፣ ሲፈላ ያውጡት» ብላ ጮኻ ነግራቸው ነበር። እሳቸው «እሺ፣ እሺ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስትመለስ ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኖ፣ ግድግዳው ጠቁሮ አገኘችው። «ካልሰሙ አልሰማሁም አይሉም?» ብላ ተቆጣች። አባቷም አንገታቸውን ደፍተው፣ «ደግማችሁ ንገሩኝ ስላችሁ ፊታችሁ ይለወጣል። ፊታችሁ ሲለወጥ ከማይ ቤቱ ቢቃጠል ይሻለኛል» አሏት። ያኔ ስቃ ነበር። አሁን ግን ያንን ራስ መነቅነቅ በራሷ አንገት ላይ አየችው።

ማዳመጫውን አወለቀች። በደጇ የምታልፈውን ተላላኪ፣ «ለአፍታ ያዥልኝ» ብላ ደረጃውን ወጣች። በየደረጃው መመለስ ያምራት ነበር።

ሐኪሟን ከፅኑ ሕሙማን ክፍል ደጅ ቆማ ሻይ ስትጠጣ አገኘቻት። ስልከኛዋ እንግሊዝኛዋ ሁሉ ከራሷ ላይ በርሮ የጠፋ መሰላት። ቢሆንም አፏን ከፈተች።

«አንድ አባባል አልገባኝም» አለች። በዚያ ቋንቋ ይህን ዓረፍተ ነገር ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። «ተች ኤንድ ጎ ምን ማለት ነው?»

ሐኪሟ ቋንቋ ልትማር የመጣች መሰላት፤ ደክሟትም ቢሆን ፈገግ አለች። ኩባያዋን መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ እስኪቀር ድረስ አስጠጋችው። «ይኸውልሽ። ሊወድቅ ይችላል፣ ላይወድቅም ይችላል። እርግጠኛ መሆን አይቻልም። እንዲህ ያለውን ነው ተች ኤንድ ጎ የምንለው።»

ስልከኛዋ የገባት መሰላት፤ ግን መምሰል ብቻ እንዳይሆን ፈራች። የቅዳሜው አስተማሪ ያስለመዳት መጣላት። ከራሷ ኑሮ ዓረፍተ ነገር ሠራች።

«ዛሬ ጠዋት ከቤት አርፍጄ ወጣሁ። አውቶቡሱ ሊነሣ ነበር፤ ሮጥኩ። መድረሴ ተች ኤንድ ጎ ነበር።»

«ትክክል» አለች ሐኪሟ። «በጣም ጥሩ።»

«ባለፈው ክረምት አባቴን የሳንባ ምች ያዛቸው። ሳምንቱን በሙሉ ተች ኤንድ ጎ ነበሩ። ከዚያ ዳኑ።»

«ልክ ነው።»

ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሯ በፊት እንባዋ ቀደማት። «የአናጢው ሚስት» አለች፣ «አሁን... ተች ኤንድ ጎ ናት።»

ሐኪሟ ፈገግታዋ ጠፋ። «አዎ። ጠዋት ነግሬው የለ?» ካለች በኋላ የስልከኛዋን ፊት አየች። «ምን አልሽው?»

«ክፉው ነክቷት አልፏል አልኩት።»

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ተለወጠ፤ ስልከኛዋ ዕድሜ ልኳን ስትሸሸው የኖረችው መለወጥ እሱ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። መሬት ግን አልተከፈተችም።

«ሰውየው የት ነው?»

«ቤቱ ሄደ። ትተኛ፣ ነገ እመጣለሁ ብሎ።»

«ነገ ላይኖር ይችላል» አለች ሐኪሟ። «አምጪው። አሁኑኑ።»

ሲስተሯ ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለአናጢው መደወል አይቻልም፤ የባልና ሚስቱ ስልክ አንድ ነው፣ እሱም በሚስትየው ቦርሳ ውስጥ ሆስፒታሉ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቤቱ ከድልድዩ ማዶ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ እንደሆነ ሲጫወት ተናግሯል። ሲስተሯ ጋውኗን እያስተካከለች፣ «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲሉ እሰማ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ሰው ልታስቀሪ ነው» አለቻት። ወዲያው ግን ጸጸታት መሰለ፣ «ሂጂ በይ። የባሰ ነገር ካለ እደውልልሻለሁ» ብላ ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት።

ስልከኛዋ ስልኳን በመዳፏ ጨብጣ ታክሲ ውስጥ ተቀመጠች። ኑሮዋ የስልክ ጥሪ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ጥሪ ፈርታ አታውቅም። መንገዱ ተዘጋግቷል። ከፊት ያለው ሚኒባስ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ እንደገና ያወርዳል። ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ ስልኩ መዳፏ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።  ቁጥሩን ሳታይ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ክብሪቱ የት ነው?» አሉ አባቷ በሙሉ ድምፃቸው፤ መልሱን እንደማይሰሙ ስለሚያውቁም ወዲያው ዘጉት።

ከጎኗ የተቀመጠ ሰው ሳቀ። እሷ ስልኩን መልሳ በመዳፏ ጨበጠች።

መሰንጠቂያውን በድምፁ አገኘችው። ከጀርባው ባለው መንገድ ገብታ የአናጢውን ቤት ስትጠይቅ አንዲት ሴት በፈገግታ፣ «የዛሬዎቹ ደስተኞች! ሰማሽ? ሚስቱ ዳነች እኮ» አለቻት። ስልከኛዋ ሴትየዋ ወደ ጠቆመቻት በር ፈጠነች።

በሩ ክፍት ነበር። አንዲት ለኮረዳነት የደረሰች ልጅ ግቢው ውስጥ መጋረጃ ታጥባለች፤ ሁለት ትንንሾች አረፋውን እርስ በርስ ይቀባባሉ። አናጢው ክፍሉ ውስጥ አልጋውን ገልብጦ እግሮቹን በመጋዝ ያሳጥራል። ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ በራ።

«እህቴ! እንኳን ደህና መጣሽ። አየሽ፣ ስትመጣ እንዳትንጠራራ ዝቅ ላድርግላት ብዬ...»

ከዚያ ፊቷን አየና መጋዙ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይምጡ፣ እንሂድ» አለች።

«ሞተች?»

«አልሞተችም። ግን ጠዋት የነገርኩዎት ልክ አይደለም። ሐኪሟ አልፏል አላለችም። ትድን ይሆናል፣ አትድን ይሆናል፣ ማንም እርግጠኛ አይደለም ነው ያለችው። አጠገቧ ይቀመጥ ያለችውም ለዚያ ነው። እኔ ነኝ አሳስቼ የነገርኩዎት።»

ግቢው ውስጥ ውኃው መንቦጫረቁን አቆመ። ልጅቷ እጇ አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ ቆማለች። አናጢው መጋዙን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ስልከኛዋ ይጮኽብኛል፣ ይመታኛል ብላ ጠበቀች። ቢመታትም አይፈረድበትም ብላ አስባ ነበር።

«አልገባሽም ነበር?» አላት።

«አልገባኝም ነበር።»

«ለምን አልጠየቅሻትም?»

«ፈራሁ።»

አናጢው ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። አንዱን እጅጌ አስገብቶ ቆም አለ።

«እኔም ፈርቼ ነው» አለ። «አልፏል ስትዪኝ ዓይንሽ ሌላ ነገር ይል ነበር። የሐኪሟም ፊት የምሥራች ፊት አልነበረም። ደግሜ ብጠይቅሽ እንዳትገለብጪብኝ ፈርቼ፣ ደስ ያለኝን ይዤ ሮጥኩ። ልጆቼን በባዶ አስጨፈርኳቸው።» ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ «እጅሽን ታጠቢ። እናትሽ ዘንድ እንሄዳለን» አላት። ትንንሾቹን ለጎረቤት ሰጧቸው።

በታክሲ ተመለሱ። ልጅቷ መሐላቸው ተቀምጣ የአባቷን ኮት ጫፍ ይዛለች። አናጢው አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እንደርሳለን?» አለ። ስልከኛዋ እንደርሳለን ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «አላውቅም፣ ጋሼ» አለች።

ደረሱ። ሲስተሯ አረንጓዴ ካባ አልብሳ አባትና ልጅን አስገባቻቸው። ስልከኛዋ በመስታወቱ አሻግራ አየች። ሴትዮዋ በቱቦና በሽቦ መካከል አንሳ፣ ልጅ አክላ ትታያለች። አናጢው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ትልቁን፣ በጠባሳ የተሸነታተረውን እጁን አንሥቶ የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው። በመጨረሻ ጣቷ ላይ ብቻ፣ ቱቦ በሌለበት ቦታ አስቀመጠው። ምን እንዳላት አልተሰማም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሴትዮዋ ልብ ቆመ። መሣሪያው ማንባረቅ ሲጀምር ስልከኛዋ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ሐኪሞቹ እየሮጡ ገቡ፤ አናጢውንና ልጁን አስወጧቸው። መጋረጃው ተሳበ። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ስልከኛዋ በሕይወቷ የፈራችውን ፍርሃት ሁሉ ደምራ ብትመዝነው ያችን ጊዜ አያክልም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው የእናቷ ተረት ጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ተበላሸ ካሴት ይመላለስ ነበር።

ሐኪሟ ስትወጣ ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። አጭር ነገር ተናገረች። ስልከኛዋ ግን ወዲያው አልተረጎመችም። ወደ አናጢው ዞራ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም፤ ልጠይቃት» አለች። ጠየቀች። ሐኪሟ በሌላ ቃል ደገመችላት። እንደገና ጠየቀች። ጀርባዋ ላይ የሚያልፉ ነርሶች ቆም ብለው አዩዋት። ይዩ።

«ልቧ ቆሞ ነበር፤ አስነሥተውታል» አለች በመጨረሻ። «አሁን ይመታል። ዳነች ግን አላለችም። ዛሬን ካደረች ተስፋው ይጨምራል ነው ያለችው። ከዚህ የጨመርኩት የለም፣ የቀነስኩትም የለም።»

አናጢው ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ይሻላል» አለ።

ሴትዮዋ አደረች። የሚቀጥለውንም አደረች። ከዚያ ጣቷን አንቀሳቀሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ገለጠች፣ ቱቦው ወጣላት። ድምጿ ሻክሮ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ድረስ እንደ ጉንፋናም ሰው ነው የምትናገረው፤ ደረጃ መውጣትም ያደክማታል። ሐኪሞቹ ሻንጣቸውን ጭነው ሲሄዱ ፀጉረ ነጯ ሐኪም ስልክ ክፍሉ ድረስ ወርዳ እጇን ጨበጠቻት። ስለዚያ ቀን ግን ምንም አላነሣችም። ያ ደግሞ ለስልከኛዋ ከቁጣ የባሰ ነበር፤ ይቅርታ ይሁን ርቀት መለየት አልቻለችም። የሆስፒታሉ አለቆች በበኩላቸው ከዚያ ወዲያ ለማስተርጎም ሥራ ሥልጠና ያለው ሰው እንዲመደብ አዘዙ። እሷም ወደ ደረጃ ሥር ተመለሰች። ይህ ቅጣት ነው ወይስ እፎይታ ብለው ለጠየቋት፣ «ሁለቱም» ትላለች።

ሴትዮዋ ከመውጣቷ በፊት አንድ ቀን፣ ስልከኛዋ ምሳ ሰዓቷን ጠብቃ ልትጠይቃት ገባች። ተራ ክፍል ተዛውራ፣ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አናጢው ከጎኗ ብርቱካን ይልጣል። ስለ ተፈጠረው ነገር ለሚስቱ ይንገራት አይንገራት ስልከኛዋ አታውቅም፤ ያንኑ እየፈራች ነው የገባችው።

«አንቺ ነሽ አሉ የምታስተረጉሚው» አለች ሴትዮዋ በዚያ ሻካራ ድምጿ። «እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ተኝቼ ሳለ ምን ይሉ ነበር?»

አናጢው ልጣጩን ይዞ ቆመ። ስልከኛዋን አያት፤ ዓይኑ ምንም አላላትም፤ አላገዳትም፣ አልገፋትም።

«ትዳኚ እንደሆን፣ ትሞቺ እንደሆን አይታወቅም ይሉ ነበር» አለች ስልከኛዋ። «እኔ ግን መጀመሪያ ክፉው አልፎልሻል ብዬ ነው ለባልሽ የነገርኩት። አልገባኝም ነበር፤ መጠየቅ ፈርቼ። በዚያ ምክንያት ብቻሽን ነበርሽ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት።»

 ሴትዮዋ ወደ ባሏ ዞረች።

«እኔስ ይህ ሰው ከነቃሁ ጀምሮ ደህና ነሽ፣ ደህና ነሽ ሲለኝ ምን ደብቆኝ ነው ብዬ ልቤ ሊቆም ነበር» አለች። «እንኳን ነገርሽኝ። ተቀመጪ።»

ስልከኛዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አናጢው ብርቱካኑን ከፍሎ ግማሹን ለሚስቱ፣ ግማሹን ለእሷ ሰጠ። ስልከኛዋ ልትቀበል ስትል አንዷ ፍሬ አምልጣት አልጋ ሥር ገባች፤ አናጢው ጎንበስ ብሎ ፈልጎ አወጣት።